ከሾላ እስከ እንጦጦ፣ በእግር

(በሾላ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



የክበባችሁ ተጠሪ ስትጋብዘኝ «ስለ ኤች.አይ.ቪ መተላለፊያና መከላከያ መንገዶች ንገሪን» ብላኝ ነበር። እሱን በየዓመቱ ስለምትሰሙ እኔ ጀምሬ እናንተ ትጨርሱልኛላችሁ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ መንገድ ነው፤ ስለ እግር መንገድ። አትሳቁ! ወደ ኤች.አይ.ቪ መመለሴ አይቀርም።

ሾላ ገበያን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ግማሾቻችሁ እናታችሁ እዚያ ትሠራለች፣ ግማሾቻችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢል ተሸክማችሁ ትከተላላችሁ። እኔ ደግሞ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለሆንኩ በሥራዬ ምክንያት ገበያውን ስዞር እውላለሁ። እዚያ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ሾላ ውስጥ ሰው የሚታመመው ቆሞ ነው። ትኩሳት ይዟት ሽንኩርት የምትመዝን፣ ወገቧን በነጠላ አስራ ጆንያ የምታነሳ ሴት ሞልታለች። አንድ ቀን ሱቅ መዝጋት ማለት የአንድ ሳምንት ዕቁብ ማጓደል ነው።

የምነግራችሁ እናት በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ። ስማቸውን አልናገርም። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልፈቀዱም። እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው፣ እናንተም እንደዚያው በሏቸው። በርበሬ የሚሸጡ እናቶች ብዙ ስለሆኑ የትኛዋ ናቸው እያላችሁ አትድከሙ።

እትዬ በወጣትነታቸውም በጎልማሳነታቸውም የታወቁ እግረኛ ነበሩ። ከማኅበርተኞቻቸው ጋር በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ፣ ለተክለ ሃይማኖት በዓል፣ ደብረ ሊባኖስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። የእንጦጦን ጋራ ተሻግረው፣ ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪንና ደብረ ጽጌን አልፈው 24 ከመግባቱ በፊት ይደርሳሉ። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ ስንቃቸው በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው። የሱሉልታ ሜዳ የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚመስል እሳቸው ሲተርኩ እኔ ቁጭ ባልኩበት ይበርደኛል። ጫማቸው በረባሶ ነበር። «ጎማው መኪና ላይ ካለቀ በኋላ እኛ እግር ላይ ሌላ ዕድሜ ይኖራል» ይላሉ።

ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ሳል ጀመራቸው። ሁለት ሳምንት አለፈው፣ ወርም ሞላው። እትዬ ግን «የበርበሬ አቧራ ነው» አሉ። ማን ይከራከራቸዋል? በርበሬ ሻጭ ናቸዋ! ሌሊት ያልባቸዋል፣ ቀሚሱ ይሰፋቸዋል፣ የገበያው ሰው ደግሞ «ጾም አበዙ» ይላል። በመጨረሻ ልጃቸው እየጎተተች ጤና ጣቢያ ስታደርሳቸው 38 ኪሎ ነበሩ። የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ለነቀርሳ ሕሙማን ሁሉ እንደሚደረገው የኤች.አይ.ቪ ምርመራም ተደረገላቸው፤ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ተገኘ። ያኔ 57 ዓመታቸው ነበር።

እንዴት ያዛቸው? አየሁ፣ እጅ የሚያወጣ አለ። እኔ ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም። የነቀርሳው ባክቴሪያም የደም ቫይረሱም መድኃኒት ሲያገኙ «መጀመሪያ እንዴት እንደገባን ይነገረን» አይሉም።

የነቀርሳ ሕክምናው ስድስት ወር ነው። ለኤች.አይ.ቪ በቀን አንዴ የሚወሰድ አንድ ክኒን አለ። ይሁን እንጂ ከነቀርሳው መድኃኒቶች አንዱ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው፣ የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ እትዬ በዚያ ጊዜ ጠዋት አንድ ተጨማሪ ክኒን ይውጡ ነበር። መድኃኒቱን በነፃ ነው ያገኙት። ይህ ለእናንተ ተራ ነገር ይመስላችኋል፤ በአገራችን ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክፍያ ይሰጥ የነበረው የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስንቱ ቤት እንደተዘጋ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ስድስት ወሩ አለቀ። ነቀርሳው ተፈወሰ። ከጊዜ በኋላም በደማቸው ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ሆነ። እትዬ ግን ከቤታቸው ሾላ ገበያ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ያርፋሉ። «ሐኪሙ ድነሻል ይለኛል፣ እግሬ ግን አልሰማም» አሉኝ። ረጅም ሕመም ጡንቻን ይበላል፤ ነቀርሳም ከዳነ በኋላ ሳንባ ላይ ጠባሳ ሊተው ስለሚችል ትንፋሽ ያጥራል።

እዚህ ላይ የእኔ ጥፋት አለ፣ ልናገረው። በ2015 ዓ.ም. አንድ ቀን «ልጄ፣ እንደ ድሮው መሄድ ልጀምር ነው» ሲሉኝ እኔ ምን አልኩ? «እትዬ፣ ደክመዋል፣ ይረፉ እንጂ! ልጅዎ ትሠራለች፣ እርስዎ ፀሐይ ይሙቁ።» ያዘንኩላቸው መስሎኝ ነው። ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ልትቀብሪኝ ቸኩለሻል መሰለኝ» አሉኝ። በጣም ነው ያፈርኩት።

ዩኒቨርሲቲ ሶሺዮሎጂ ስማር ፓርሰንስ ስለሚባል አሜሪካዊ ምሁር ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፉ ሕመም የሰውነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ የሚሰጠን ሚና ጭምር ነው ይላል። የታመመ ሰው ከሥራው ነፃ ይደረጋል፣ በምትኩ ደግሞ ለመዳን መጣርና ሐኪሙን መስማት ይጠበቅበታል። ፈተና ላይ ይህን ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ግን አንድ ሰው ከሕመምተኛነት ልውጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «የት ሊሄዱ ነው?» የሚለው ማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ለካ እኔ ነኝ።

ነርሷን አብረን አማከርናት። አልከለከለችም። መጀመሪያ ግን ያየችው እግራቸውን ነው። ኤች.አይ.ቪ ራሱም፣ አይሶናያዚድ የሚባለው የነቀርሳ መድኃኒትም የእግር ነርቭን ሊጎዱ ይችላሉ፤ እግር ይደነዝዛል፣ ወይም ያቃጥላል። የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይናገርም። ስለዚህ በረባሶው ቀረ፣ የእግር ጣት የማይጫን ጫማ ይገዛ፣ ማታ ማታ እግር ይታይ ተባለ። ፍጥነቱንስ በምን እንለካ ስንላት «እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው፣ ቃል ከተቆራረጠባቸው ይቀንሱ» አለች። እትዬ ወሬ ስለሚወዱ ይሄ ተመቻቸው።

ጫማው ከሳልባጅ ተራ ተገዛ፤ ሰማያዊ ስኒከር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከበራቸው እስከ አስፋልት ብቻ። ከዚያ ገበያውን አንድ ዙር፣ ከዚያ እስከ እንግሊዝ ኤምባሲ። ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ከተሠራ ወዲህ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ያኔ ግን ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋን ነበር። አንድ ቅዳሜ ከቀበና ስንመለስ ካልሲያቸው በደም ርሷል። ተረከዛቸው ተልጦ ምንም አልተሰማቸውም! ሦስት ሳምንት ተቀመጡ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ተስፋ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር።

ለመኻያ ብዬ ስለ አበበ ቢቂላ አወራኋቸው። በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮውን ማራቶን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላም ዝም አላለም። እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል፤ ኖርዌይ ሄዶም በውሾች በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸንፏል። እትዬ በጥሞና ሰሙኝና «እሱ ጀግና ነው። እኔ ግን ማንንም መቅደም አልፈልግም፣ ከማኅበርተኞቼ ወደ ኋላ አለመቅረት ነው የምፈልገው» አሉ። ስለ አበበ ደግሜ አላነሳሁም።

ቁስሉ ደረቀ። በዓመቱ ከኮተቤ በላይ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ፣ ከድንጋይ ተፈልፍሎ ወደተሠራው ወደ ጥንቱ ዋሻ ሚካኤል ወጡ። ዳገቱን ስንወጣ ቃል የተቆራረጠብኝ እኔ ነበርኩ።

የደብረ ሊባኖሱን የእግር ጉዞ ማኅበርተኞቹ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመንገዱ ጸጥታ ስላሳሰባቸው ትተውታል። በምትኩ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግር ሊሄዱና እዚያው ሊያድሩ ተስማሙ። እትዬም «አለሁበት» አሉ። ዳገቱ አላስጨነቃቸውም። ያስጨነቃቸው ክኒኑ ነው። የሚወስዱት ማታ በ3 ሰዓት ነዋ! ሁኔታቸውን ከልጃቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ስያሜው እንዳይታይ መድኃኒቱን በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው የሚያስቀምጡት። ከአሥር ሴቶች መሐል፣ በአንድ ነጠላ ሥር ታድረህ፣ እንዴት ተደብቀህ ትውጣለህ? «አንድ ሌሊት ብዘለው ምን አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። ይለመዳል አልኳቸው፤ አንድ ሌሊት ሁለትን ይጠራል፣ ቫይረሱም መልሶ ይበዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል። ተናገሩ ግን አላልኳቸውም። እሱ የእሳቸው ጉዳይ ነው።

አብሬ ሄድኩ። ከሾላ ስንነሳ ከባሕር ወለል 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ እንጦጦ ወደ 3 ሺህ ነው። ቀበናን፣ አራት ኪሎን፣ ስድስት ኪሎን አለፍን። ከሽሮ ሜዳ በላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ እትዬ መንገድ እየለቀቁ «በርቱ» ይሉ ነበር። አራት ጊዜ አረፉ። ቆጥሬያለሁ። ሲመሽ ደረስን።

በ3 ሰዓት ስልካቸው ጮኸ። ድምፁን መቀነስ ረስተዋል፤ ወይ አልረሱም፣ አላውቅም። ቆርቆሮውን ከፈቱና ውኃ ጠየቁ። አንዷ «ምን ነው፣ ራስ ምታት?» አለች። እትዬ «አይደለም። የኤች.አይ.ቪ መድኃኒቴ ነው» አሉ።

ማንም አልተናገረም። አንዲት ሴት ጋቢዋን ሰብስባ ሌላ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ሌላዋ «ጸበል እያለ?» ብላ አንሾካሾከች። የማኅበሩ ታላቅ የሆኑት አሮጊት ግን በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብሮ መወሰድ እንደሚችል በይፋ መናገራቸውን ያስታውሱ ነበር። «አባታችን የፈቀዱትን አንቺ ትከለክያለሽ?» አሏት። ከዚያ በገዛ ኩባያቸው ውኃ ቀዱና ለእትዬ ሰጡ፤ የተረፈውን ራሳቸው ጠጡት።

ሁሉም በዚህ አላማረም፣ አልዋሻችሁም። ጥግ የሄደችው ሴት ማኅበሩን ተወች። ወሬው ሾላ ደርሶ ሁለት የቆዩ ደንበኞች በርበሬ ከሌላ መግዛት ጀመሩ። አብሮ በመሄድ፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ ከእጃቸው በርበሬ በመግዛት ኤች.አይ.ቪ አይተላለፍም። እንዲያውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ የሆነ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነትም አያስተላልፍም። ይህን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ክበባችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እነዚያ ሁለት ደንበኞች ግን የዚህ ትምህርት ቤት ግቢ አይገቡም። ምናልባት የአንዳችሁ ጎረቤት ናቸው።

እትዬ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሳይደምቅ ይሄዳሉ። ተማሪ ይምጣ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው «ወሬ የሚችል ይምጣ» ብለዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ እንገናኛለን። ውኃ ያዙ። ተረከዙ ያላለቀ ጫማ አድርጉ።