መሣሪያው ዝም ሲል፤ በኔትወርክ ቅኝት ጊዜ ስለሚያጋጥም የመግቢያ ስሕተት የተደረገ ንግግር



ኮዬ ፈጬ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የተስፋፋ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሰፈር ነው። ከሕንፃዎቹ ሥር ባሉት የንግድ ቤቶች የሚከፈት የመሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ራውተርና ስዊች ይዞ ይገባል። ዋናው መሥሪያ ቤት መሀል ከተማ ተቀምጦ የእነዚህን መሣሪያዎች ሁኔታ የሚያውቀው በኔትወርክ ቅኝት ነው፤ ይኸውም አንድ ሰርቨር በሌሊት በየአድራሻው እየዞረ፣ በተሰጠው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እየገባ፣ ያየውን መዝግቦ ሲያድር ነው። ጠዋት መዝገቡ ሲገለጥ ከአንዱ መሣሪያ አጠገብ «መግባት አልተቻለም» የሚል ይገኛል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

የብዙ ባለሙያ የመጀመሪያ ግምት የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል የሚል ነው፤ ወዲያውም ይቀይረዋል። ሳይመረመር የተቀየረ ቃል ግን የፊተኛውን ምክንያት ሸፍኖ ሁለተኛ ስሕተት ይጨምራል። ባለሙያው ከራሱ ኮምፒውተር ሲሞክር ያለ ችግር ይገባ ይሆናል። መሣሪያው የሚቀበለው የተፈቀደለትን አድራሻ ብቻ ከሆነ፣ የባለሙያው መግባት ስለ ሰርቨሩ ምንም አያስረዳም። ሙከራው መደረግ ያለበት ከራሱ ከቃኚው ሰርቨር፣ በዚያው የተጠቃሚ ስም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. በተባለው የመጠየቂያ ደንብና ዛሬም በብዙ ቦታ በሚሠራበት ሁለተኛ ስሪቱ፣ ጠያቂው የሚታወቀው «ኮሚዩኒቲ» በሚባል አንድ ቃል ነው። ቃሉ ሲሳሳት መሣሪያው «ተሳስተሃል» አይልም፤ ጥያቄውን ጥሎ ዝም ይላል። በቃኚው ዘንድ ይህ ዝምታ ከጠፋ መሣሪያ ዝምታ አይለይም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ምክንያቱ ሳይመረመር የተገኘ ይመስላል፤ «መብራት የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ መብራቱ ግን ከመጣ ወር ሆኖታል። መሣሪያው ለፒንግ ከመለሰ ሕያው ነው፤ የተሳሳተ ጥያቄን እንዲመዘግብ ከታዘዘም ጥያቄው ከየት እንደ መጣ የራሱ ሎግ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉ ደረጃ ያገኘው ሦስተኛው ስሪት የስሕተቱን ዓይነት ይናገራል፤ ያልታወቀውን ስም ከተሳሳተው ቁልፍ ይለያል። የራሱ ጣጣ ግን አለው። ቁልፉ የሚወጣው ከይለፍ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ከመሣሪያው መለያም ጭምር ነው። ስለዚህ የተቃጠለ ራውተር ተነሥቶ ሌላ መለያ ያለው አዲስ ሲተከል፣ የቀድሞው ቁልፍ ተገልብጦ ቢገባበትም ትክክለኛው የይለፍ ቃል አይሠራም። ቴክኒሻኑ አንዲት ፊደል እንዳልሳተ ይምላል፤ እውነቱንም ነው። ተጠቃሚው በአዲሱ መሣሪያ ላይ እንደ ገና መፈጠር አለበት።

የሰዓትም ነገር አለ። ሎጉ 02:40 ሲል ተረኛው በመዝገቡ «ከሌሊቱ 8፡40» ብሎ ይጽፋል። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ከተሞላ ያው ቅጽበት የቀደመው ቀን 23:40 ነው። የይለፍ ቃሉ የተቀየረው ከስሕተቱ በፊት ይሁን በኋላ ሳይለይ ስንት ክርክር ተደርጓል!

ከችግሩ ለመገላገል የሚመረጠው አቋራጭ ከችግሩ የከፋ ነው፤ ይኸውም ቃኚው ያሉትን የይለፍ ቃሎች ሁሉ በየአድራሻው ተራ በተራ እንዲሞክር ማዘዝ ነው። የተደጋገመ ሙከራ የተጠቃሚውን መግቢያ ሊያስቆልፍ ይችላል። ይህስ ቀላሉ ነው። በዚያ አድራሻ ላይ ሌላ ሰው የራሱን ኮምፒውተር ተክሎ ከሆነ፣ ሰርቨሩ የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ሌሊት ያስረክበዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታየው ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡ 60 ያህል የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማርኳል፤ በተደራጀ መሥሪያ ቤት ግን ቃሉን አንኳኩቶ የሚያድለው ቃኚው ራሱ ሊሆን ነው። ስለዚህ ቃኚው ማንበብ ብቻ በሚችል ስም ይግባ፤ በኤስ.ኤስ.ኤች. ሲገባም የመሣሪያውን ቁልፍ ከቀድሞው ጋር ሳያመሳክር የይለፍ ቃል አይስጥ።

ሊገባበት ያልተቻለው መሣሪያም ከቆጠራው አይሰረዝም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቀን ጋር «ያልታየ» ተብሎ ይቆያል። ከዝርዝሩ የወጣ ራውተር የደኅንነት ማሻሻያ ሲታደል የሚያስታውሰው የለም። ባለሙያ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚላከው እነዚህ ሁሉ ከሰርቨሩ ላይ ከታዩ በኋላ ነው፤ ሲሄድም የኮንሶል ገመድና የሌሊቱን ሎግ ቅጂ ይዞ ይሂድ።