ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ስለሚያስፈልገው የባዮሎጂ ትምህርት

በኢትዮጵያ ደጋ አገር የኮሶን ዛፍ የማያውቅ ሽማግሌ አይገኝም። በቀድሞ ዘመን ሰው ሁሉ አበባውን ፈጭቶ፥ በውሃ በጥብጦ በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር፤ ትሉም ይወጣ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ወራት ሲያልፉ ትሉ እንደ ገና ይገኛል። ይህም መድኃኒቱ ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም። የትሉ እንቍላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋራ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ በሬ ከሣሩ ጋራ ይበላዋል፤ ከዚያም በበሬው ሥጋ ውስጥ እንደ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ትሉን በሆዱ ያሳድጋል። እንግዲህ መድኃኒቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ትሉን ያስወጣል፤ የትሉን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ግን ከወዴት እንደ መጣ ያስረዳል፥ እንዳይመለስም ያደርጋል።

የሕያዋን ፍጥረት አኗኗር፥ አበላል፥ አወላለድና የአካላቸው አሠራር የሚመረመርበት ትምህርት ባዮሎጂ ይባላል። በብዙ አገር ያሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪው ደጃፋቸውን ሳይረግጥ አስቀድሞ ይህን ትምህርት ጨርሶ እንዲመጣ ያዝዛሉ። ትእዛዙ ግን ከጥንት የነበረ አይደለም። እንዴት እንደ ተጀመረ ለማወቅ የአሜሪካን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሰው በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚጠየቀው ገንዘቡን እንጂ ዕውቀቱን አልነበረም። ክፍያውን ከፍሎ፥ ጥቂት ወራት የመምህራንን ንግግር ሰምቶ፥ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ንግግር ደግሞ ሰምቶ፥ አንድ በሽተኛ እንኳ በእጁ ሳይዳስስ የሐኪምነት ወረቀት ይቀበል ነበር። በ1893 በባልቲሞር ከተማ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ግን ይህን ልማድ አፈረሰው። ትምህርት ቤቱን ለመክፈት ገንዘብ ጐድሎ ስለ ነበረ ሜሪ ጋሬት የተባሉ ባለጸጋ ሴት ብዙ ገንዘብ ሰጡ፤ ሲሰጡም ሴቶች ከወንዶች ጋራ እኩል እንዲገቡና የመግቢያው ሕግ ከፍ ያለ እንዲሆን አስገደዱ። ስለዚህ የሚገባው ተማሪ አስቀድሞ የኮሌጅ ዲግሪ ያለው፥ ባዮሎጂ፥ ኬሚስትሪና ፊዚክስ የተማረ፥ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ማንበብ የሚችል እንዲሆን ተወሰነ። ከመምህራኑ አንዱ ዊልያም ኦስለር ለባልንጀራቸው ለዊልያም ዌልች፥ በመምህርነት መግባታቸው ዕድል እንደ ሆነ፥ በተማሪነት ቢመጡ ግን በሩ እንደማይከፈትላቸው እየቀለዱ ነገሯቸው ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት የገቡት ተማሪዎች 18 ብቻ ነበሩ፤ ከነዚህም ሦስቱ ሴቶች ናቸው።

ከዚህ በኋላ አብርሃም ፍሌክስነር የተባሉ ሰው በአሜሪካና በካናዳ ያሉትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች እየዞሩ መርምረው በ1910 መጽሐፍ አወጡ። ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የኮሌጅ ትምህርት የሚጠይቁት 16 ብቻ ሆነው ተገኙ። ፍሌክስነርም ባዮሎጂ፥ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ያልተማረ ሰው ወደ ሕክምና አይግባ ብለው መከሩ። ምክራቸው በብዙው እውነት ነበረ፤ ብዙ በሽተኞችንም ካልተማረ ሐኪም እጅ አድኗል። ነገር ግን ዋጋ አስከፍሏል። በዚያን ጊዜ ጥቁሮች የሚማሩባቸው ሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲኖሩ፥ በ1923 የቀሩት ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ናቸው። ሳይንስ የሚያስተምር ኮሌጅ በአጠገቡ ያላገኘ የድኻ ልጅ፥ አእምሮው ብሩህ ቢሆንም እንኳ ሕጉ ከደጅ አስቀረው። መሰናዶን የሚጠይቅ ሁሉ መሰናዶው የሚገኝበትን ቦታ ካላዘጋጀ ሥራውን በእኩሌታ ብቻ እንደ ሠራ ይቈጠራል።

ከነዚያ ከቀሩት ከሁለቱ በአንዱ ኢትዮጵያዊ ተምሯል። ሐኪም መላኩ በያን በ1922 ወደ አሜሪካ ሄደው በመጀመሪያ በኦሃዮ በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቴ ተማሩ። ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቴ የሕክምና ትምህርት ቤት የገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በ1935ም ተመረቁ። በዚያው ዓመት ጣልያን ኢትዮጵያን ስለ ወረረ ትምህርታቸው ወዲያው በቍስለኞች ዘንድ ተፈለገ።

ዛሬም በአሜሪካ ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ከሚባለው የመመርመሪያ ክፍል ሥራ ጋራ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ከ2009 ወዲህ በወጣው ምክር መሠረት የትምህርቱን ስም መዘርዘር ትተው ተማሪው ምን ማድረግ እንደሚችል ይመለከታሉ፤ ቢሆንም ለመግቢያ የሚሰጠው ፈተና ከክፍሎቹ አንዱን በሕያዋን ፍጥረት ዕውቀት ላይ የመሠረተ ነውና፥ ባዮሎጂን ሸሽቶ የሚያልፍ የለም።

የመመርመሪያው ክፍል ሥራ ስለ ምን እንደ ተፈለገ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ተማሪው ከደም አንዲት ጠብታ ወስዶ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ይጨምራል፤ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ቀያዮቹ የደም ሴሎች ውሃውን እየሳቡ ያብጡና ይፈነዳሉ። ሌላ ጠብታ ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው በተሟሟበት ውስጥ ቢጨምር ሴሎቹ እንደ ነበሩ ይቈያሉ። ጨው ቢበዛበት ይጨማደዳሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ይህ ተማሪ ሐኪም ሆኖ በበሽተኛ ደም ሥር ውስጥ ፈሳሽ ሲያስገባ፥ ንጹሕ ውሃ ብቻውን ቢገባ ሰውን እንደሚገድል ማንም አያስረዳውም፤ በዓይኑ አይቶታልና። በሕክምና ትምህርት ቤት ያለ መምህር ይህን እንደ ገና ከመጀመሪያ ለማስተማር ጊዜ የለውም።

ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት ግን ትምህርቱ ስለ ከበዳቸው ሳይሆን ሕጉን ዘግይተው ስላነበቡ ነው። አንዱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወሰደው ከፍ ያለ ባዮሎጂ በኮሌጁ ስለ ተቈጠረለት ጨረስሁ ይላል፤ የሚያመለክትበት የሕክምና ትምህርት ቤት ግን ያንን አልቀበልም፥ ወይም በላዩ ሌላ ከፍ ያለ ባዮሎጂ ጨምር ይለዋል። ሌላው ንግግሩን ተምሮ የመመርመሪያውን ሥራ ይተወዋል። ሦስተኛው ከብዙ ዓመት በፊት የተማረውን ይዞ ይመጣና ጊዜው አልፎበታል ይባላል። ሕጉ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ስለሚለያይ፥ ከባልንጀራ አፍ የሰሙትን ትቶ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ጽሑፍ ከማመልከት ሁለትና ሦስት ዓመት አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ መንገዱ ከዚህ ይለያል። ብዙዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ፈተና አልፈው ይገባሉ፤ ባዮሎጂም ከፈተናዎቹ አንዱ ነው። ከ2012 ወዲህ ደግሞ በሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበል ሁለተኛ መንገድ ተከፍቷል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት የመንደር ትምህርት ቤት ያለ ልጅም የሚጀምርበት ነገር አያጣም፤ የባቄላ ዘር በእርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጎ በየቀኑ ሥሩን በክር ይለካል፤ የእንቍራሪትን ልጅ ጅራቱ እስኪጠፋ ድረስ በማሰሮ ውሃ ይጠብቃል፤ ያየውንም ቀኑን እየጻፈ፥ ሥዕሉን እየሣለ በደብተሩ ያኖራል። ኮሌጅ ሲገባ በመመርመሪያው ክፍል የሚያዝዙት ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መሣሪያው ነው። ደብተሩንም፥ የትምህርቱን ዝርዝር የያዘውን ወረቀትም መጣል አይገባውም፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ምን ያህል ሰዓት በእጁ እንደ ሠራ ሊጠይቀው ይችላልና።