የወል ግጦሽ ሲለካ ባለቤት ያገኛል

(በሮብ ገበያ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ በዓል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። እነዚህ ሁሉ በሚዛንና በመዝገብ የተያዙ ናቸው። አንድ ኩንታል ገብስ ወደ መጋዘን ሲገባ ይመዘናል፣ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። ገብሱን ያረሰው በሬ የሚሰማራበት መስክ በዓመት ስንት ኩንታል ሣር እንደሚሰጥ ግን በመዝገብ ላይ እምብዛም አይገኝም። የዛሬው መልእክት ይህን የሚመለከት ነው።

ሮብ ገበያ የሲናን ወረዳ ከተማ ናት። ከበላይዋ ያለው ጮቄ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርስ፣ ወደ ዓባይ የሚገቡ ብዙ ወንዞች የሚመነጩበት ተራራ ነው። እዚህ አካባቢ ሣር የከብት መኖ ብቻ አይደለም። የክረምቱን ውኃ ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጩ የሚያቀብለው እርሱ ነው። ሣሩ ሲመናመን አፈሩ በከብት ኮቴ ይጠጥራል፤ ዝናቡ መስረጉን ትቶ በጎርፍ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ማሳ ይሸረሸራል፤ ምንጩም በበጋ ይነጥፋል። ስለዚህ የመስኩ ጉዳይ ከብት የሌለውንም ገበሬ ይነካል።

የወል ግጦሽ የሚጠብበት ምክንያት ለማንም ስውር አይደለም። ቤተሰብ በዝቷል፤ መስኩ ለገብስና ለድንች ይታረሳል፤ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። መሬት ያልደረሰው ወጣትም ጥያቄ ያነሳል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በስብሰባ ላይ አንዱ ወገን «ይህ ባዶ መሬት ነው» ሲል፣ ሌላው «የከብታችን ሕይወት ነው» ሲል፣ በሁለቱም እጅ ቁጥር የለም። ቁጥር በሌለበት የሚረታው ድምፁ የጎላው ነው።

ከመንዝ የሚገኝ ትምህርት

በዚሁ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ መንዝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ መስክ አለ። መስኩ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቆ ኖሯል። የተመረጡ አለቆች ነበሩት፤ ሣሩ እስኪያገግም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምቱ ሲቃረብ መልሶ ይዘጋል። መቼ እንደሚከፈት የሚወሰነው የሣሩ ዕድገትና የሕዝቡ ችግር ታይቶ ነበር። ይህም ራሱን የቻለ ልኬት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ መስኩም ተጎዳ። ኋላ ግን ኅብረተሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ መድቦ መስኩን አስመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጓሳ በክልሉ ሕግ የኅብረተሰብ ጥበቃ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ጎብኚ የሚመጣበት ቦታ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መስክን የሚያድነው አጥር ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚው ራሱ የተስማማበት ደንብ ነው።

ዓለም ምን እያደረገ ነው?

ከዓለም የብስ ግማሽ የሚበልጠው የግጦሽ ምድር ነው። በረሃማነትን ለመከላከል የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ከዚህ ምድር እስከ ግማሽ የሚደርሰው መጎዳቱን ገልጿል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሞንጎሊያ ጠያቂነት እ.ኤ.አ. 2026ን የግጦሽ ምድርና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ ሰይሞታል። የምግብና እርሻ ድርጅት ከዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጋር በመሆን የግጦሽ መሬትን ከተጠቃሚው ጋር ሆኖ የመገምገም ዘዴ አዘጋጅቶ በቡርኪና ፋሶ፣ በኒጀር፣ በኬንያ፣ በኪርጊዝስታንና በኡራጓይ ሞክሯል። የዘዴው ቁም ነገር አንድ ነው፤ የሳተላይት ሥዕልና የባለሙያ ጥናት ብቻቸውን አይበቁም። «ጥሩ መስክ» ማለት ምን እንደሆነ መጀመሪያ የሚናገረው ከብት የሚያሰማራው ሰው ነው።

በእጅ ባለው ሚዛን

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከክረምቱ በፊት በመስኩ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ክፍል ከብት እንዳይደርስባቸው ጥቂት ትናንሽ ቦታዎች በእሾህ ይታጠሩ። ዝናቡ ሲያበቃ ከእያንዳንዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ላይ ያለው ሣር ይታጨድ፤ በደንብ ይድረቅ፤ ይመዘን። በካሬ ሜትር የተገኘው ግራም በ10 ሲባዛ በሄክታር የሚገኘውን ኪሎ ይሰጣል። በዚያው ዕለት መስኩን እያቋረጡ 100 እርምጃ መራመድና ስንቱ በባዶ አፈር፣ ስንቱ በአሜኬላ ላይ እንዳረፈ መቁጠር ይገባል። ሥራው በየዓመቱ በዚያው ወቅት ቢደገም መስኩ እየዳነ ወይም እየሞተ መሆኑ ይታወቃል።

ለምሳሌ በካሬ ሜትር 250 ግራም ደረቅ ሣር ተገኘ እንበል። ይህ በሄክታር 2,500 ኪሎ ነው። ሥሩ እንዳይጎዳና አፈሩ እንዳይራቆት ግማሹ ይተዋል፤ ለመኖ የሚውለው 1,250 ኪሎ ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ፣ ማለትም 6.25 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። እንግዲህ 25 ሄክታር መስክ ዓመቱን ሙሉ የሚችለው 13 ከብት ነው፤ ለ4 ወር ብቻ ከሆነ ግን 41 ከብት ይችላል። 10 በግ እንደ አንድ እንዲህ ያለ ከብት ይቆጠራል። በዚያው መስክ ላይ 150 ከብት የሚሰማራ ከሆነ፣ የከብቱ መክሳት የማንም እርግማን ሳይሆን የሒሳብ ውጤት ነው።

ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ?

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። መስኩ ሲዘጋ ገለባና ድርቆሽ ያከማቸው ገበሬ ይችለዋል፤ ሁለት በግ ብቻ ያላት ባልቴት ግን በጎቿን ልትሸጥ ትገደዳለች። ብዙ ከብት ያለው ብዙ ሲያስግጥ የኖረበትን መስክ ዘግቶ ሸክሙን ለሁሉ እኩል ማካፈል ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ የተዘጋው መስክ ሣር እየታጨደ በአባወራና በእማወራ ቁጥር ይከፋፈል፤ ከብት የሌለው ድርሻውን ይሽጥ። ወጣቱም በማጨድ፣ በመጠበቅ፣ የመኖ ዘር በማባዛትና ከብት በማድለብ ገቢ ያግኝ። ወጣቱ ከመስኩ ሳይጠቀም መስኩን እንዲጠብቅ መጠየቅ አያዛልቅም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ የወል መስክ መርጦ በዚህ ዓመት ይለካ፤ ውጤቱም በጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ።

ሁለተኛ፣ ዩኒየኑ ሚዛንና መዝገብ ያቅርብ፤ የመኖ ዘርና ድርቆሽ እንደ ሌላው ምርት ገበያ እንዲያገኙ ያድርግ።

ሦስተኛ፣ የግብርና ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች የአለካኩን ዘዴ ያስተምሩ፤ የሰበሰቡትንም መረጃ ለገበሬው ይመልሱ።

አራተኛ፣ የወረዳና የቀበሌ አመራር የወል መስኮችን ወሰን አስለይቶ ያስመዝግብ፤ ገበሬው ያወጣውን ደንብ ያስከብር። መስክ ለሌላ አገልግሎት ከመሰጠቱ በፊትም የተለካው ቁጥር ይታይ።

ሚዛን፣ መዝገብና ጠቅላላ ጉባኤ የኅብረት ሥራ ማኅበር የቆዩ መሣሪያዎች ናቸው። ለገብሱ እንደሠሩ ለሣሩም ይሠራሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ አንድ ገበሬ ብቻውን ሊዘጋው የማይችለውን መስክ ማኅበሩ ለክቶ፣ ተስማምቶና ተካፍሎ ሊያድነው ይችላል።

መልካም የምሥረታ በዓል!