ድሪቶና የራስ እጅ

(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ መርፌና ስለ አሮጌ ጨርቅ ነው። ዕድሜ ልኩን መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ስለ ስፌት ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እናቶቻችን ለለቅሶ ቤት አዳሪ የሚሆን ብርድ ልብስ ከአሮጌ ልብስ በእጃቸው ሊሰፉ ተነሥተዋል፤ ክርክርም ተፈጥሯል። ይኸውም፣ ሁሉም በአንድ ንድፍ ይስፋ ወይስ እያንዳንዷ እንደ እጇ የሚል ነው። እኛ እንደ እጇ ከሚሉት ወገን ነን።

ምክንያታችንን ከምናውቀው ሥራ እንጀምር። ፊደል የቆጠርነው ሁላችንም አንዱን ሀ ሁ ነው። መዝገብ ቤት ግን ፋይል ገልጠን ጽሕፈቱን ስናይ፣ ፊርማው ሳይደርስ የማን እጅ እንደሆነ እናውቅ ነበር። ማንም ልዩ ልሁን ብሎ አልጻፈም፤ ብዙ ሲጽፍ እጁ መጣ። ስፌትም እንዲሁ ነው።

በአገራችን ድሪቶ የሚለው ቃል የድህነት ስም ሆኖ ቀርቷል። በአሜሪካ አገር ግን ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከመካከል ባዘቶ፣ ከሥር ገበር አድርገው ሦስቱን በመርፌ እየወጉ አንድ ያደርጉታል፤ ኩዊልት ይባላል። በአላባማ ግዛት፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁሮች መንደር አለ። አያቶቻቸው እዚያው የጥጥ እርሻ ላይ ባሮች ነበሩ፤ ባርነት ከቀረ በኋላም እኛ እኩል አራሽ እንደምንለው ሆነው ኖሩ። ሴቶቹ ለብርድ ብለው ካለቀ ቱታና ከጆንያ ሳይቀር ይሰፉ ነበር።

ታዲያ ንድፍ አጥተው አይደለም። የቤት ጣራ የሚሉት አለ፤ ከመካከል አንድ ካሬ ይነሣና ዙሪያውን ጨርቅ እየተጨመረ ይሰፋል። ንድፉ የሁሉም ነው። ሆኖም አንዷ መካከሉን ወደ ጥግ ትገፋዋለች፤ ሌላዋ ቀዩ ሲያልቅባት በሰማያዊ ትቀጥላለች። ይህን በራሴ መንገድ መስፋት ይሉታል። ፊቱን እያንዳንዷ ቤቷ ብቻዋን ትገጥመዋለች፤ ከገበሩ ጋር ሲሰፋ ግን ጎረቤት ተሰብስቦ ያግዛል። ይህ አሠራር ለዕድርተኛ እንግዳ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1966 በአካባቢው የሴቶች የስፌት ማኅበር ተቋቋመ። በ1972 ሲርስ ለሚባለው ኩባንያ የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋሉ። ለገበያ ነውና ሁሉም በልክ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የተረፈውን ቁራጭ ወደ ቤት ወስደው ግን እንደ ልባቸው ሰፉት፤ ጨርቁ አንድ ሆኖ ሥራው የየራሳቸው ሆነ። በ2002 ሥራዎቻቸው በሂዩስተንና በኒውዮርክ ታላላቅ ሙዚየሞች ታዩ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ አሥር ቴምብር አወጣላቸው።

ከሁሉ የነካን የሚዙሪ ፔትዌይ ሥራ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በ1942፣ የሥራ ልብሱን፣ ሱሪውንም ሸሚዙንም ቀዳ ብርድ ልብስ ሰፋች። ልጇ አርሎንዝያ እንደ ነገረችን፣ እናቷ ባሏን ልታስታውስበትና ተከናንባው ፍቅሩን ልታገኝበት ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥራ ከማን ንድፍ ይቀዳል? ከአርባ በኋላ የሟች ልብስ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በየቤታችን ይነሣል። ደህናውን ለነዳያን መስጠት መልካም ነው፤ ያለቀው ግን ከሚጣል ለእንዲህ ያለው ሥራ ይውላል።

ለሚጀምሩ እናቶችና እኅቶች የምንለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ጨርቁን አጥባችሁ የሳሳውን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ቀለሙ የለቀቀውን ግን አትጣሉ፣ የሰውየው ጉልበት ያረፈበት ነውና። ሁለተኛ፣ ሳትሰፉ በፊት አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ሲያድር ያልጣማችሁን አንሡት። ሦስተኛ፣ አንዱን ንድፍ ሦስት ጊዜ ስፉት። ሳታስቡት በሦስቱም የተደጋገመ ነገር ካለ፣ ቀለምም ይሁን የመርፌ እርምጃ፣ እጃችሁ እሱ ነው፤ አታርሙት። የላላ ስፌት ግን ይፈታ፤ የራስ እጅ ማለት የሥራ ጉድለት ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሐሳባችን እንዲህ ነው፦ ቁመትና ወርዱ፣ ገበሩም ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ፊቱ ለሰፊዋ ይተው። ስሟም በገበሩ ጥግ በክር ይጻፍ፤ ሌሊት የሚከናነበው ሰው ማን እንዳሞቀው ይወቅ።

 ፈጣሪ ዕድራችንን ያጽናልን።