ያልተፈታ ትዳርና የተሸሸገ ገንዘብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንነግራችሁ፥ ባልና ሚስት ተለያይተው የፍቺው ፍርድ ገና ሳይሰጥ በመካከል ስላለው የፈተና ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ የባንኩን ገንዘብ አውጥቶ በወንድሙ ስም ያኖራል፤ አንዲቱ የቤቱን ካርታ ትሸሽጋለች፤ ሌላው ያልተበደረውን ተበደርሁ ብሎ የሐሰት ውል ያጽፋል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ እንደ ሆነው ሰፈር ለልማት ሲፈርስም፥ ቤቱ በስሙ የተጻፈለት ሰው ካሳውን ብቻውን ሊበላ ይፈተናል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን፥ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የሁለቱ ነው ይላል። የጋራ ቤትም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፥ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያው ያዝዛል፤ ተጋቢዎቹም እንዲያስቡበት እስከ 3 ወር ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል።

ይህ ጊዜ የሚሰጠው ንብረት እንዲሸሽበት ነውን? አይደለም፤ ልብ እንዲመለስበት ነው። የተጣላ ይታረቃል፤ የተዘረፈ ግን በቀላሉ አያምንም። ስለዚህ ገንዘብ ያሸሸ ሰው የእርቁን በር በገዛ እጁ ይዘጋዋል።

ጌታችን፥ ወንድሜ ርስት እንዲያካፍለኝ እዘዝልኝ ያለውን ሰው ከስስት ይጠበቅ ዘንድ አስጠነቀቀው እንጂ አካፋይ ሊሆንለት አልወደደም። ሐናንያና ሰጲራም ከመሬታቸው ዋጋ ከፍለው ሲሸሽጉ፥ ከሰው ቢሰወር ከእግዚአብሔር አልተሰወረም።

ቂርቆስ የተባለው ሰፈራችን የተጠራው ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋራ ስለ ክርስቶስ በመሰከረው ሕፃን ስም ነው። በዚህ ሰፈር ሌላ ሕፃን በአባትና በእናት መካከል ቆሞ፥ ገንዘቡ ወዴት ገባ ተብሎ ምስክር ሲደረግ ማየት እንደ ምን አያሳዝን!

እንግዲህ የተለያያችሁ ሁሉ፥ በንስሐ አባታችሁና በሽማግሌዎች ፊት ያላችሁን ሁሉ በእውነት ቁጠሩና ጻፉ። የልጆቹ ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ አይቋረጥ። መስማማት ቢያቅታችሁ ዳኛው ይወስን እንጂ በጨለማ አትሽጡ፥ በሐሰት አትማሉ። ብትታረቁ ቤታችሁን ሳይጎድል ታገኙታላችሁ፤ ባትታረቁም የልጆቻችሁን ዓይን ሳታፍሩ ታያላችሁ።

እግዚአብሔር የተለያየውን ያስማማልን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።