ዘንቢል መያዝ አያሳፍርም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ታላላቅ ነገሮች ብዙ ተነግሯል። እኔ ግን ስለ ገበያ ጥቂት ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ። ከእኛ መካከል ደብተሩን በኩራት ይዞ የሚሄድ፣ እናቱ ዘንቢል ያዝልኝ ስትለው ግን ሰው እንዳያየው የሚሸሽ አይታጣም። ይህ ተማሪ ምን ያህል ደስታና ዕውቀት እንዳመለጠው አልተረዳም።

ገበያ የወራት መስተዋት ነው። በመስከረም የባቄላና የበቆሎ እሸት፣ ቀጥሎ አዲስ ማር፣ ከዚያም ከአውድማ የመጣ አዲስ ጤፍ ይታይበታል። ጤፍ ሻጭዋን ብንጠይቃት ማኛውን ከሰርገኛው ለይታ፣ የትኛው ውሃ እንደሚያነሣ ታስረዳናለች። ቅቤ ሻጭዋም ለጋውን ከበሳሉ አሽትታ ታሳየናለች። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እሽግ ግን ቢጠይቁት አይመልስም።

የዋጋው ክርክርም ራሱ ጨዋታ ነው። ሻጭዋ «እትዬ፣ ይህማ አያዋጣኝም» ትላለች፤ ገዢዋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትመለሳለች፤ በመጨረሻ ቁናው ተሰፍሮ ሲሞላ ምርቃቱ ከላይ ይጨመራል።

በወሎ፣ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት። ከደጋ እህል ይዞ የሚወርደው ገበሬ፣ ከቆላ ግመልና ፍየል እየነዳ ከሚመጣው የአፋር አርብቶ አደር ጋር እዚያ ይገናኛል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። አንዱ የሌለውን ከሌላው ስለሚያገኝ መከባበርን ይማራል።

ነገር ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሲመሽ፣ መንገዱ ሩቅ የሆነበት ገበሬ ዕቃውን ተሸክሞ ከመመለስ በርካሽ መስጠትን ይመርጣል። ይህን ችግሩን ዐውቆ ዋጋውን ማዋረድ ብልሃት ሳይሆን ግፍ ነው። ያ ገንዘብ ለዘር፣ ለጨውና ለልጅ ደብተር የሚሆን ነውና። ከተማሪዎችም መካከል እናቱ ጉልት ተቀምጣ የምታስተምረው አለ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚመጣው የገበያ ቀን ዘንቢሉን ከእናቶቻችን እጅ እንቀበል። ሻጩንም በአክብሮት ሰላም ብለን ስለ እርሻው እንጠይቀው፤ ተገቢውንም ዋጋ እንክፈለው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።