ስሙን የማናውቀውን ክኒን አንዋጥ
(ከካምፓችን የሩጫ ውድድር አስቀድሞ በመምህራን ስም ለወላጆችና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የፈለግነው ስለ አንዲት ክኒን ነው። ባለፈው ሳምንት ከሯጮቻችን አንዱ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ስም የሌለው ክኒን ይዞ መጣ። "ቪታሚን ነው፣ ትንፋሽ ይሰጣል ብለው ሸጡልኝ፤ ልዋጠው ወይ?" ሲል ጠየቀን። መጠየቁ አስደሰተን። ሳይጠይቁ የዋጡ መኖራቸውን ስንሰማ ግን አዘንን።

"ቪታሚን ነው" የሚለው ማታለያ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን ለታዳጊ ልጃገረዶች ሳይቀር ሰማያዊ ክኒን ቪታሚን ነው እየተባለ ይሰጥ ነበር። ክኒኑ ግን የወንድ ሆርሞን ጠባይ ያለው መድኃኒት ነበር። ሜዳሊያው በዛ፤ የልጃገረዶቹ ድምፅ ጎረነነ፣ የብዙዎችም ጤና ተቃወሰ። በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት የቀድሞውን የስፖርት ኃላፊ ጥፋተኛ ቢለውም የጠፋው ጤና አልተመለሰም።

ከጃማይካ ሄዶ በካናዳ ያደገው ቤን ጆንሰን በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። በሦስተኛው ቀን ስታኖዞሎል የተባለ መድኃኒት መውሰዱ ተረጋግጦ ወርቁን ተነጠቀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ለረጅም ርቀት ሯጮች የሚቀርበው ኢ.ፒ.ኦ. የሚባለው መርፌ ነው። ይህ መድኃኒት የኩላሊት ሕመምተኞችን ደም ማነስ ለማከም ይረዳል። ጤነኛ ሰው ሲወጋው ግን ደሙ ይወፍራል፤ ልብንና አንጎልን ለአደጋ ያጋልጣል። መርፌው ሌላ ሰው የተወጋበት ከሆነ ደግሞ ኤች.አይ.ቪ.ና የጉበት በሽታ ያስተላልፋል።

"በካምፕ ውስጥ ማን ይመረምረናል?" የምትሉ አትጠፉም። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን 10 ስፖርተኞችን ሲያሰልፍ አምስቱ ከካኩማ ካምፕ የወጡ ሯጮች ነበሩ። ወገናችን ዮናስ ኪንዴም በማራቶን ሮጧል። በሩ ተከፍቷል። በዚያ በር የሚገባ ሰው ግን በሰውነቱ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ነው። "አሠልጣኜ ሰጠኝ" ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም፤ ለዓመታት ከውድድር ሊያሳግድ ይችላል። ደግሞስ ባንመረመርም፣ ቤትና ንብረት ትተን ስንወጣ ይዘን የመጣነው ይህንኑ ገላችንን አይደለም ወይ?

እኛ መምህራንም ጥፋት አለብን። ባለፈው ዓመት ልጆቻችን ሲሸነፉ "አሳፈራችሁን" ብለናቸዋል። ልጅን ወደ ክኒን ሻጭ የሚገፋው እንዲህ ያለው ንግግር ነው። ዳግመኛ ላንናገረው ተስማምተናል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከክሊኒክ ያልተሰጣችሁን መድኃኒት አትዋጡ፤ አትወጉ። ስትታከሙም ሯጭ መሆናችሁን ለሐኪሙ ንገሩ። ወላጆችም ልጃችሁ ከሜዳ ሲመለስ "ስንተኛ ወጣህ?" ከማለታችሁ በፊት "ደህና ነህ ወይ?" በሉት።

ያ ልጅ ክኒኑን ለክሊኒኩ አስረክቧል። ቅዳሜ እንዲሁ ባለው ጉልበት ይሮጣል። አንደኛ ቢወጣም፣ መጨረሻ ቢገባም ቆመን እናጨበጭብለታለን። እናንተም ከእኛ ጋር እንድትቆሙ እንጠይቃለን።